ባላንጣህ ባይኖር ኖሮ አንተ ማን ትሆን ነበር?

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ዛሬ ስለ ኳስ እናውራ። ስለ አርሰናልና ስለ ማንቸስተር አይደለም። ስለ ሁለት ሃይስኩሎች ነው። አዎ፣ ስለ ሁለት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች!

"ይሄ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?" እንዳትል። እስቲ ወደ ኋላ መለስ በልና አስታውስ። አንተ የተማርክበት ትምህርት ቤት ከጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር ሲጫወት የነበረውን ቀን። ክፍል ውስጥ ማን ይቀመጥ ነበር? አስተማሪው ራሱ በመስኮት ያይ አልነበር? ጎል የገባ እንደሆነ የማታውቀውን ልጅ አቅፈህ አልጮህክም? ከዚያስ? ጨዋታው አልቆ ወደ ቤት ስትሄዱ ድንጋይ አልተወራወራችሁም? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ብዙዎቻችን ሁለቱንም እናስታውሳለን፤ እልልታውንም ድንጋዩንም።

ዛሬ የምናነሳው ጥያቄ ይሄው ነው። ያ ስሜት ወዴት ሄደ? እልልታው ነው አብሮን ያደገው ወይስ ድንጋዩ? ለዚህ መልስ ፍለጋ ራቅ ብለን እንሂድና ተመልሰን ወደ ራሳችን እንመጣለን።

በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ውስጥ ስታርክ የሚባል አውራጃ አለ። በዚህ አውራጃ ማሲሎንና ካንተን የሚባሉ ሁለት ከተሞች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በመካከላቸው ያለው ርቀት 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፒያሳ ቃሊቲ እንደማለት። ማሲሎን 32 ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት ትንሽ ከተማ ናት። ካንተን ከእጥፍ በላይ ትበልጣታለች። ሁለቱም በብረታ ብረት ፋብሪካ ያደጉ፣ ፋብሪካው ሲዳከም አብረው የተጎዱ የሠራተኛ ከተሞች ናቸው።

የማሲሎን ሃይስኩል ቡድን "ታይገርስ" ይባላል፤ ልብሱ ብርቱካናማና ጥቁር ነው። የካንተኑ ማኪንሊ ሃይስኩል ደግሞ "ቡልዶግስ" ይባላል፤ ቀይና ጥቁር ይለብሳል። ማኪንሊ የሚለው ስም የመጣው 25ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከነበሩት ከዊልያም ማኪንሊ ነው። ሰውዬው የካንተን ሰው ናቸው፤ በ1901 ተገድለው እዚያው ካንተን ተቀብረዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጨዋታው ደግሞ የእኛ እግር ኳስ አይደለም። እንቁላል የመሰለችውን ኳስ በእጅ ይዘው፣ ኮፍያና መከላከያ አድርገው የሚጋፉበት የአሜሪካ ፉትቦል ነው።

እነዚህ ሁለት ትምህርት ቤቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የተጋጠሙት መቼ ይመስልሃል? በ1894! ከዓድዋ ጦርነት ሁለት ዓመት በፊት ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ከ130 ጊዜ በላይ ተገናኝተዋል። የመጀመሪያውን ጨዋታ ያየ ሰው ዛሬ የልጅ ልጅ ልጁ ሜዳ ላይ ነው። በ1994 መቶኛው ግጥሚያ ሲደርስ ጨዋታው በመደበኛው ሰዓት አልለይ ብሎ ተጨማሪ ሰዓት ገባ፤ ማኪንሊ 42 ለ 41 አሸነፈ። መቶ ዓመት ተጋጥመው በአንድ ነጥብ መለያየት! እዚያ የነበረ ማሲሎናዊ ዛሬም ስለዚያች አንድ ነጥብ ብትጠይቀው ፊቱ ይለዋወጣል።

ማሲሎን ውስጥ ወንድ ልጅ ሲወለድ የቡድኑ ደጋፊዎች ማኅበር ለሕፃኑ ትንሽ ኳስ ያበረክታል። ገና ዓይኑን ሳይገልጥ! እኛ ልጅ ሲወለድ ገንፎ እንደምናገነፋው እነሱ ኳስ ያስቀምጡለታል። ስታዲየማቸው ከ16 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል። ልብ በል፣ ይሄ የከተማውን ሕዝብ ግማሽ ማለት ነው። ለአንድ ሃይስኩል! ዓመታዊው ግጥሚያ የመደበኛው ውድድር መዝጊያ ሆኖ በመጸው ወራት ይካሄዳል። በዚያ ሳምንት ከተማው ሌላ ወሬ የለውም።

እንግዲህ ይህን ያህል የሚዋደዱት ነገር ካለ ይከራከራሉ። የእነሱ ክርክር ደግሞ ከእኛ የፀጉር ቤትና የካፌ ክርክር ብዙም አይለይም። "ማን ይበልጣል?" ነው ነገሩ።

የማሲሎን ደጋፊ ቆጥሮ ይመጣል። "እርስ በርስ ባደረግነው ግጥሚያ ብዙ ያሸነፍነው እኛ ነን" ይላል፤ እውነቱን ነው፣ በድምር ማሲሎን ይመራል። "የግዛቱን ሻምፒዮንነት ከሃያ ጊዜ በላይ ወስደናል" ይላል፤ እሱም የተመዘገበ ነው። የማኪንሊ ደጋፊ ደግሞ ቀስ ብሎ ይሰማውና አንዲት ጥያቄ ይጥልበታል፦ "መቼ?"

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ድሮ የኦሃዮ ሻምፒዮን የሚለየው በጋዜጠኞች ድምፅ ነበር። በ1972 ግን የጥሎ ማለፍ ውድድር ተጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ሻምፒዮን የሚሆነው ሜዳ ላይ አሸንፎ የወጣ ነው። ማኪንሊ በዚህ አዲስ መንገድ በ1981፣ በ1997 እና በ1998 ዋንጫ ወሰደ። ማሲሎንስ? በ1980 ለፍጻሜ ደረሰ፣ ተሸነፈ። በ1982 ደረሰ፣ ተሸነፈ። በ2005 ደረሰ፣ ተሸነፈ። በ2018፣ በ2019 እና በ2020 ሦስት ዓመት በተከታታይ ደረሰ፤ ሦስቱንም ተሸነፈ። ስድስት ፍጻሜ፣ ስድስት ሽንፈት! እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበትን ደጋፊ አስበው። "የእናንተ ዋንጫ የጋዜጣ ዋንጫ ነው" የሚለውን ስድብ ግማሽ ምዕተ ዓመት ተሸክሞ ነው የኖረው።

በ2023 ነገሩ ተገለበጠ። ማሲሎን አንድም ሳይሸነፍ ለፍጻሜ ደረሰ። የገጠመው በ2018ና በ2020 ዋንጫ የነጠቀውን የአክረኑን ሆባን ትምህርት ቤት ነበር። ውጤቱ 7 ለ 2። ሰባት ለሁለት በዚህ ስፖርት ውስጥ እጅግ ትንሽ ውጤት ነው፤ እያንዳንዷ እርምጃ በጥርስ ተይዛ የተገኘች ማለት ነው። የሚገርመው ግን ሌላ ነው። የፍጻሜው ጨዋታ የተካሄደው የት ነበር? ካንተን! የማኪንሊ ልጆች የራሳችን ሜዳ ብለው በሚጫወቱበት ስታዲየም! ማሲሎን የሃምሳ ዓመት ጥማቱን የቆረጠው በባላንጣው ግቢ ውስጥ ነው።

እስቲ ይህን ወደ እኛ አምጣው። የአንተ ቡድን የዘመኑን ትልቁን ዋንጫ በባላንጣው ሜዳ ቢያነሳ በማግስቱ ምን ይፈጠር ነበር? መልሱን ለራስህ ያዘው።

ክርክሩ ይቀጥላል፤ መቀጠልም አለበት። እኛ ግን ከውጤቱ ይልቅ ሦስት ታሪኮችን ልንነግራችሁ እንወዳለን። በሦስቱም ውስጥ ለእኛ የሚሆን ነገር አለ።

የመጀመሪያው የፖል ብራውን ታሪክ ነው።

ፖል ብራውን የማሲሎን ልጅ ነው፤ እዚያው ተምሮ እዚያው ተጫውቷል። በ1932 በሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ ሳለ የድሮ ትምህርት ቤቱ አሰልጣኝ ሆኖ ተመለሰ። ቡድኑን ከወደቀበት እያነሳ በ1934 ጥሩ ደረጃ አደረሰው፤ በዚያ ዓመት ሁሉንም ረታ፣ የተሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በማን? በካንተን ማኪንሊ!

አሁን ልብ በሉ። ያ ሽንፈት ሁለት ነገር ሊያደርገው ይችል ነበር። አንደኛው መንገድ የታወቀ ነው፦ ዳኛው ገዝቶናል፣ ሜዳው ጭቃ ነበር፣ ተጫዋቾቻቸው ዕድሜ ደብቀዋል፣ ተማምለውብን ነው ብሎ ማልቀስ። ይሄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሁለተኛው መንገድ "ከእኔ የበለጡበት ምንድን ነው?" ብሎ መጠየቅ ነው። ብራውን ሁለተኛውን መረጠ። ከ1935 እስከ 1940 ማኪንሊን በየዓመቱ አሸነፈ፤ በስድስቱም ዓመት የኦሃዮ ሻምፒዮን ተባለ። በማሲሎን በቆየባቸው ዘጠኝ ዓመታት 80 ጊዜ አሸንፎ የተሸነፈው 8 ጊዜ ብቻ ነው። በ1939 ዛሬ ስሙን የያዘው ትልቁ ስታዲየም ተሠራ። ሰውዬው ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም ወደ ፕሮፌሽናሉ ዓለም አለፈ፤ የክሊቭላንድ ብራውንስ ቡድን ስያሜ ከእሱ ስም የመጣ ነው።

እንግዲህ ፍረዱ። ያንን ሰው ማን ሠራው? ማሲሎን ብቻ ነው? አይደለም። ካንተንም ሠርታዋለች። ጎበዝ ባላንጣ ባይኖረው ኖሮ ጥሩ አሰልጣኝ ሆኖ ይቀር ነበር።

ሁለተኛው የማሪዮን ሞትሊ ታሪክ ነው። እኛ ከሦስቱ የምንወደው ይህንን ነው።

ሞትሊ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ካንተን ያደገ፣ በ1930ዎቹ ለማኪንሊ ሃይስኩል የተጫወተ። በተጫወተባቸው ሦስት ዓመታት ቡድኑ የተሸነፈው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ሦስቱም ሽንፈት ከአንድ ቡድን ነው የመጣው፦ ከፖል ብራውን ማሲሎን። በየዓመቱ ሁሉንም ያሸንፋል፣ በየዓመቱ በአንድ ሰው ይቆማል። የቁጭቱን መጠን አስቡት!

ብራውን በሜዳው ጥግ ቆሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያየው የኖረው ይህን ልጅ ነው። "ይሄን ልጅ እንዴት ነው የማቆመው?" እያለ እንቅልፍ ያጣበት ልጅ። ያኔ ጠላቱ ነበር ማለት ትችላለህ። ነገር ግን ሰውን በደንብ የሚያውቀው ማነው? ወዳጁ ነው? አንዳንድ ጊዜ ከወዳጅ ይልቅ ባላንጣ ያውቅሃል። ወዳጅህ ድክመትህን ይሸፍንልሃል፤ ባላንጣህ ግን ጉልበትህን ለክቶ፣ ፍጥነትህን ቆጥሮ፣ ልብህን መዝኖ ነው የሚገጥምህ።

ጊዜው ደግሞ ክፉ ጊዜ ነበር። በፕሮፌሽናል ፉትቦል ውስጥ ከ1930ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ጥቁር ተጫዋች አይገባም ነበር፤ በሩ ዝግ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ሞትሊና ብራውን በባሕር ኃይል ማሠልጠኛ ቡድን ውስጥ ተገናኙ፤ ባላንጣ የነበሩት አብረው ሠሩ። በ1946 ብራውን የክሊቭላንዱን ቡድን ሲመሠርት ሞትሊን ወሰደው። በዚያ ዓመት የቀለም አጥሩን የሰበሩት አራት ተጫዋቾች ናቸው፤ ሞትሊ አንዱ ነው። ጃኪ ሮቢንሰን በቤዝቦል ይህን ከማድረጉ ከአንድ ዓመት በፊት መሆኑ ነው። በ1968 ሞትሊ የፕሮፌሽናል ፉትቦል የክብር አዳራሽ ገባ። አዳራሹ የት ነው ያለው? ካንተን! ከአደገበት ከተማ ሳይወጣ!

ወገን፣ ከዚህ በላይ ምን ትምህርት አለ? በሃይስኩል ዘመኑ ያሸነፈው ሰው ነው በኋላ በሩን የከፈተለት። ብራውን የዚያን ልጅ ማንነት በሰፈሩና በቀለሙ ቢመዝነው ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር። የመዘነው ሜዳ ላይ ባየው ነገር ነው።

ሦስተኛው ታሪክ መጥፎ ነው። መጥፎ ስለሆነም ነው የምንነግራችሁ።

ከሃይስኩሎቹ ሌላ ሁለቱ ከተሞች በ1900ዎቹ መጀመሪያ ላይ ለገንዘብ የሚጫወቱ ትልልቅ ቡድኖችም ነበሯቸው። በ1906 ሁለት ጊዜ ተጋጠሙ። የመጀመሪያውን ካንተን አሸነፈ፤ ሁለተኛውን ማሲሎን አሸነፈ። እስከዚህ ሰላም ነው። ከዚያ በኋላ ግን ከማሲሎን በኩል ወሬ ተነሳ፦ የካንተኑ አሰልጣኝ ጨዋታውን ሊሸጥ ተማክሯል፤ ቁማር አለበት ተባለ። ጋዜጣ አወጣው። ካንተን ካደ። ክሱ እስከ ዛሬ ድረስ ያከራክራል እንጂ አልተረጋገጠም። ውጤቱ ግን የተረጋገጠ ነው፦ ሕዝቡ እምነት አጣ፣ የካንተን ቡድን ፈረሰ፣ በዚያ ደረጃ የነበረው ፉክክር ለዓመታት ሞተ። ማን ተጠቀመ? ማንም!

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም እንበል። በአንድ ማታ አንድ ሰው ስልኩን አንስቶ "ጨዋታው ተሽጧል" ብሎ ይጽፋል። ማስረጃ የለውም። ሺህ ሰው ያጋራዋል። አንተም ታጋራዋለህ፤ ቡድንህ ስለተሸነፈ ደስ ይልሃላ! በማግስቱ ያው ወሬ በአንተ ቡድን ላይ ይመጣል። ከዚያ ወዲያ ማሸነፍህን ማን ያምንሃል? የባላንጣህን ድል ስታረክስ የራስህንም ድል እያረከስክ ነው። ማሲሎንና ካንተን ይህን በ1906 ከፍለው ተምረዋል። እኛ ስንት ጊዜ እንክፈል?

እነዚህን ሰዎች ግን መላእክት አድርገን አናቅርባቸው። ያ ሐሰት ይሆናል። የእነሱም ጉድ አለ።

በ2001 የወጣ "ጎ ታይገርስ" የሚባል ዘጋቢ ፊልም አለ፤ የሠራው ራሱ የማሲሎን ተወላጅ ነው። ፊልሙ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ያሳያል፦ የቡድኑን የውድድር ዘመንና ከተማው ለትምህርት ቤቱ ግብር ለመክፈል የሚሰጠውን ድምፅ። በኦሃዮ ትምህርት ቤት በአብዛኛው የሚተዳደረው ነዋሪው በድምፅ በሚያጸድቀው የንብረት ግብር ነው። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ራሱ በ1997 ይህ አሠራር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወስኗል። ድሃ ከተማ ሲሆን ግብሩ ይከብዳል፣ ድምፁ ይወድቃል፣ አስተማሪ ይቀነሳል። ታዲያ ያ ሁሉ ሕዝብ ቅዳሜ ስታዲየም ይሞላል፤ ለሂሳብ አስተማሪው ደመወዝ ድምፅ ስጥ ሲባል ግን ያመነታል። ቡድኑ ካሸነፈ ልቡ ይራራል፣ ከተሸነፈ ኪሱን ይዘጋል የሚል ስጋት አለ። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ የአስተማሪዎቹ እንጀራ ተጭኗል ማለት ነው። ይሄ ልክ ነው?

ሌላም አለ። ልጁ ጎልብቶ እንዲጫወት ተብሎ ስምንተኛ ክፍልን እንዲደግም የሚያደርጉ ቤተሰቦች እንዳሉ ያው ፊልም ያሳያል። ወድቆ አይደለም፤ እንዲተልቅ ነው። እዚያም ሰው ተከራክሯል። አንዱ "ለልጁ ዕድል ነው፣ በስኮላርሺፕ ዩኒቨርሲቲ ይገባበታል" ይላል፤ ሌላው "የልጁን ዓመት ለከተማው ጨዋታ ሠዋችሁት" ይላል። እኛ ከሁለተኛው ጋር ነን። ልጅ ለባንዲራ ጌጥ አይደለም፤ ቡድኑ ለልጁ ነው እንጂ ልጁ ለቡድኑ አልተፈጠረም።

ይህን ሁሉ አይተን ግን አንድ ነገር መካድ አንችልም። እነዚያ ሁለት ከተሞች ከ1894 ጀምሮ ሲፎካከሩ የሠሩት ነገር በዓይን ይታያል። ስታዲየም ሠርተዋል። የደጋፊ ማኅበር አቁመዋል። የሙዚቃ ባንድ አሠልጥነዋል። ፋብሪካው ሲዘጋ፣ ወጣቱ ሲሰደድ፣ በዓመት አንድ ቅዳሜ ሁሉም ወደ ሀገሩ የሚመለስበት ምክንያት ፈጥረዋል። ጠባቸው ቀን አለው፣ ሰዓት አለው፣ ሕግ አለው፤ ሲያልቅም ያልቃል። ሰኞ ጠዋት የማሲሎን ሰው ካንተን ሥራ ይገባል፤ የካንተን ልጅ ማሲሎን ሚስት ያገባል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

እኛም ባላንጣ አለን። ቅዱስ ጊዮርጊስና ቡና ሲገናኙ አዲስ አበባ ለሁለት ትከፈላለች። ያ ደስ የሚል ነገር ነው! ዘፈኑ፣ ቀለሙ፣ ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ የሚሰለፈው ሰው። በሰሜን አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችንም ከ1984 ጀምሮ በየበጋው ከየከተማው ቡድናቸውን ይዘው የሚገናኙበት የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር አላቸው። ሜዳው ላይ ይጋጠማሉ፣ ከሜዳው ውጭ እንጀራ ይቆርሳሉ። ኳስ እኛንም ሰብስባናለች።

ግን ደግሞ ሌላውን ገጽ እናውቀዋለን። የፕሪሚየር ሊጋችን ጨዋታዎች በባለሜዳው ከተማ መካሄድ አቅቷቸው በገለልተኛ ሜዳ የተካሄዱባቸውን ዓመታት አንረሳም። ለምን? የተጫዋቹ ስም ተጠርቶ ብሔሩ ስለተቆጠረ። ተጋጣሚው ቡድን መሆኑ ቀርቶ ሕዝብ ስለሆነ። አሥራ አንድ ልጆች ኳስ ሊጫወቱ በአውቶቡስ ሲመጡ በመንገድ ላይ የሚጠብቃቸው ድንጋይ ስለሆነ። ያ ድንጋይ ከየት መጣ? ከሃይስኩል መንገድ ላይ ያነሳነው ያው ድንጋይ ነው። እጃችን አደገ እንጂ ድንጋዩ አልተለወጠም።

አንዳንዱ "ሕዝቤን ስለምወድ ነው" ይልሃል። ኧረ በፈጠረህ! ሕዝቡን የሚወድ ሰው የሕዝቡን ልጅ ይንከባከባል። የጎረቤቱን ልጅ አውቶቡስ መስኮት መስበር ለሕዝብህ ምን ጨመረለት? ወገኑን መውደድና ሌላውን መጥላት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው ከባድ ነው፤ ገንዘብ ያስወጣል፣ ጊዜ ይበላል፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሁለተኛው ነፃ ነው፤ ስልክህ ላይ ጥቂት ካርድ ካለህ ይበቃሃል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ሁለተኛውን ሠርቶ የመጀመሪያውን የሠራ የሚመስለው።

ስለዚህ ዛሬ አንድ ጥያቄ እንጠይቅሃለን፤ ጥያቄው ለእኛም ለጸሐፊዎቹ ነው። ለተማርክበት ትምህርት ቤት ምን አድርገሃል?

ሜዳው ዛሬም ጠጠር ነው? የጎሉ እንጨት እንደተሰበረ ነው? መረብ አለው? ልጆቹ የሚጫወቱት በምን ኳስ ነው? አንተ በባዶ እግርህ የሮጥክበት ሜዳ ላይ ታናሽ ወንድምህም በባዶ እግሩ እየሮጠ ከሆነ፣ ይህ ሁሉ ዓመት ስለ ቡድን ስትከራከር ምን ስታደርግ ነበር? ሴቶቹስ? አንቺ እህቴ፣ በእኛ ጊዜ ሴት ልጅ ሜዳ ዳር ቆማ ነበር የምታጨበጭበው። ዛሬ እህትሽ ሜዳው ውስጥ መግባት ትችላለች ወይ?

እንግዲህ የምንላችሁ ይሄ ነው። ክረምት ሲመጣ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ሜዳው ባዶ ይሆናል፣ ከየዩኒቨርሲቲው ወጣቱ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የድሮ ትምህርት ቤታችሁን ተማሪዎች ሰብስቡ። የጎረቤቱን ትምህርት ቤት፣ ያንን የምትጠሉትን፣ ደብዳቤ ጽፋችሁ ግጠሙን በሉት። ዋንጫ አያስፈልግም፤ የተሸነፈው ለአሸናፊው ትምህርት ቤት መረብና ኳስ ይግዛ። አዎ፣ የተሸነፈው ለአሸናፊው! በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ያኛው ይግዛ። በአሥር ዓመት ውስጥ ሁለቱም ሜዳ መረብ ይኖረዋል።

ሦስት ሕግ ብቻ አስቀምጡ። አንድ፦ ስድብ በቡድን ነው፣ በዘር አይደለም። "ኳስ አትችሉም" ማለት ይፈቀዳል፤ ሊባልም ይገባል! የሰውን እናትና ብሔር ማንሳት ግን ከሜዳ ያስወጣል፣ የራሳችሁ ደጋፊ ቢሆንም። ሁለት፦ ያለ ማስረጃ "ጨዋታው ተሽጧል" የሚል ሰው መጀመሪያ ማስረጃውን ያምጣ። ሦስት፦ ሲያልቅ አብራችሁ ብሉ። ሽሮም ቢሆን። አብሮ የበላ ሰው ድንጋይ ለማንሳት እጁ ይከብደዋል።

ይህ ትንሽ ነገር ነው ብሎ የሚንቅ ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። "ሀገር እየነደደ ስለ ኳስ ታወራላችሁ?" ይለናል። ወንድማችን፣ ሀገር የሚነደው እኮ ከትንሽ ነው። የሚጠፋውም ከትንሽ ነው። በሜዳ ላይ ተጋጣሚውን ማክበር ያልተማረ ወጣት በምርጫ፣ በስብሰባ፣ በገበያ የት ሊማረው ነው? ሃይስኩል ሜዳ ላይ መሸነፍን ያልለመደ ሰው አድጎ ሥልጣን ሲይዝ መሸነፍን ከየት ያመጣዋል?

ማሲሎን ያለ ካንተን አንድ የተዘጋ ፋብሪካ ያለባት ትንሽ ከተማ ነበረች። ካንተንም ያለ ማሲሎን እንዲሁ። ሁለቱም ይህን ያውቁታል፤ ለዚህ ነው ከ130 ጊዜ በላይ ተጋጥመው አንዱ ሌላውን ለማጥፋት ያልሞከረው። ባላንጣቸው ከጠፋ ቅዳሜያቸው ይጠፋል።

እናንተስ ባላንጣችሁ ማነው? የትኛው ትምህርት ቤት ነበር? ስሙን ጥሩትና በዚህ ክረምት ግጠሙት። ብትሸነፉ ኳሱን ግዙ። ብታሸንፉ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት እንዲያሸንፏችሁ አጠንክሯቸው፤ ደካማ ባላንጣ የሚያሳድገው ሰው የለምና።

በሜዳው እንገናኝ!